ለብቻው ለሚሠራ ባለሙያ ማኅበር
ስለ እንስሳት ጤና ቴክኒሻኖች ለጠቅላላ ታዳሚ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሙያ ሰዎችና ስለሚያስፈልጋቸው ማኅበር ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ከብት አርብታችሁ የማታውቁ እንዳላችሁ እገምታለሁ። ቢሆንም ዛሬ ጠዋት ወተት የጠጣ፣ ለበዓል ቅርጫ የገባ፣ ለፋሲካ ዶሮ የገዛ ሁሉ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ጉዳይ አለውና ትንሽ ታገሡኝ።

ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት። በጉን፣ ፍየሉን፣ ግመሉን፣ አህያውንና ዶሮውን ስትጨምሩበት ቁጥሩ ከሰዉ በእጅጉ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ማን ያክማል? የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የጨረሰው የእንስሳት ሐኪም በአብዛኛው የሚገኘው በወረዳ ከተማ፣ በላብራቶሪ፣ በቄራ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በማስተማሪያ ክፍል ነው። ቀበሌ ድረስ ወርዶ ላሟን የሚይዛት ሌላ ሰው ነው፤ ከአላጌ፣ ከአጋርፋ፣ ከወረታ፣ ከመርሳ ወይም ከሌላ የግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የወጣ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን። ከእሱ በፊት ደግሞ የእንስሳት ጤና ረዳት የሚባሉት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ገበሬው ሁሉንም «ዶክተር» ይላቸዋል። የደመወዝ መዝገቡ ግን እንደዚያ አይልም።

ሥራውን ጠጋ ብለን እንየው። ማምሻውን አንድ ገበሬ ይመጣል፤ ላሙን ምጥ ይዟታል፣ ጥጃው አልወጣ ብሏል። ባለሙያው ቦርሳውን አንጠልጥሎ አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ ይጓዛል። ሲደርስ የገበሬው ልጅ የእጅ ባትሪ ይይዝለታል። ጥጃው አንገቱን ወደ ጎን ቆልምሟል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቦታ ማግኘት፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ማቅናት፣ የፊት እግሮቹን በገመድ ማሰርና ላሟ ስታምጥ ብቻ መሳብ አለበት። ያለ ምጧ ከሳበ ማሕፀኗን ይቀድዳል። እስከ ብብት የሚደርሰው የፕላስቲክ ጓንት ካለቀ ወራት አልፎታል። እጁን በሳሙና ይታጠብና ባዶ ክንዱን ያስገባል። ላሟ ብሩሴሎሲስ ካለባት ተሕዋሲው የሚበዛው እዚያው በወሊዱ ፈሳሽና በእንግዴ ልጁ ውስጥ ነው። ወደ ሰው ሲተላለፍ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባለሙያው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ወባ ወይም ታይፎይድ ይባልና ኪኒን ተሰጥቶት ይመለሳል። ላሟን ሲያዋልድ መያዙን የሚጠይቀው የለም፤ እሱም አይናገርም።

አባ ሰንጋም አለ። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት መከፈት የለበትም፤ ተሕዋሲው አየር ሲያገኝ ወደ ጠንካራ ዘር ይለወጥና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ይህን የሚያውቀው ባለሙያ በሬው ሞቶበት ሥጋው እንዳይቀር የሚሻን ገበሬ «አትክፈት፣ ቅበር» ብሎ መጋፈጥ አለበት። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታም አለ፤ ምራቋ የሚዝረበረብ ላም አፍ ውስጥ «አጥንት ሰንቅሯት ይሆናል» ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው የሚገጥመው አደጋ ነው። አስቀድሞ የሚሰጥ የሰው ክትባት አለ። ስንቱ የቀበሌ ባለሙያ ወስዶታል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን ስትሰሙ ታዝናላችሁ።

እኔ ወደ ማኅበር ጉዳይ የምመጣው በዚህ በኩል ነው። ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ የቸገረውን ነገር ከጎኑ ያለውን ባልደረባ ይጠይቃል። የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ብቻውን ነው። ሁለት ሦስት ቀበሌ ደርቦ የሚይዝበት ቦታ ብዙ ነው፤ የቅርብ የሙያ ጓደኛው ያለው ከተራራው ማዶ ነው። የሚገናኙትም ወይ በክትባት ዘመቻ ነው፣ ወይ ወረዳው ለስብሰባ ሲጠራቸው። ስብሰባው ደግሞ የወረዳው ነው፤ አጀንዳውም የወረዳው ነው።

ሙያው ትንሽ ነው እንዳይባል ታሪኩን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደን እንመልከት። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ ምን እንዳደረገ ከአያቶቻችን ሰምተናል። በዘመኑ ግምት ከ10 ከብት 9 ያህሉ አለቀ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መጣ። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታወጀ፤ ሰው ካጠፋቸው በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ኢትዮጵያ ከበሽታው ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው ደግሞ ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ክትባቱን የሠሩት ተመራማሪዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ብልቃጡን በበረዶ ሣጥን ተሸክሞ በየመንደሩ የወጋው የእንስሳት ጤና ረዳቱ ነበር። በረዶ በማይደርስበት በአፋር ቆላ ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሙቀት የሚችል ክትባት ሲመጣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው መንጋውን ወጉ፤ በሽታው በሀገራችን መጨረሻ መሸሸጊያ ያደረገው ያን አካባቢ ነበር። ሀገሪቱ ሐኪሞቿን በደብረ ዘይት ማስተማር የጀመረችው በ1972 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ የረዳቶቹ ትምህርት ቤት እዚያው ከተማ ውስጥ ከዚያ ቀድሞ ነበር። ይህ የማን ድል እንደሆነ ስትናገሩ ረዳቱን አትርሱት።

እንግዲህ ወደ ማኅበሩ። ስለ ማኅበር ሲነሳ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ደመወዝና አበል ነው። አልፈርድበትም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሞተሩ የለም፣ ቢኖርም ነዳጁ የለም። እኔ ግን ደመወዝን ከፊት ያስቀደመ ማኅበር ቶሎ ይፈርሳል እላለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚወሰነው ማኅበሩ በማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም ቁጥር 1156/2011፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ስለዚህ ይህ ማኅበር ሠራተኛ ማኅበር ሆኖ የኅብረት ስምምነት ሊደራደር አይችልም። ይህን ቃል የገባ መሪ በሁለተኛው ዓመት አባላቱን ያጣል።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ሌላ ነው፤ ሥራውን በጽሑፍ ማስወሰን። ቴክኒሻኑ ምን መሥራት ይችላል? ምን አይችልም? ምኑን በራሱ፣ ምኑን በሐኪም መሪነት? ክትባትና የትል መድኃኒት ማንም አይከራከርበትም። በቡርዲዞ ጉጠት ማኮላሸትም እንደዚያው። ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ማዘዝስ? ቀዶ ሕክምናስ? በምጥ የተያዘች ላም ሆዷ ተከፍቶ ጥጃዋ እንዲወጣ የሚያስፈልግበት ሰዓት ቢመጣና ሐኪሙ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሆንስ? ቢሠራና ላሟ ብትሞት «ማን ፈቀደልህ» ይባላል። ባይሠራና ብትሞት «ምን ልታደርግ ተቀጠርክ» ይባላል። ወሰኑ ያልተጻፈለት ባለሙያ ሁለቱም በኩል ጥፋተኛ ነው።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን ባለሙያ ሲተረጉም ሦስት ነገር አያይዞ ነው፤ በሕግ በተቋቋመ አካል የሚታወቅ፣ የተወሰኑ ተግባራት በስሙ የተሰጡት፣ በእንስሳት ሐኪም ኃላፊነትና አመራር ሥር የሚሠራ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚህ ባለሙያዎች ምን ማወቅ እንዳለባቸው የሚያመለክት ሰነድ አውጥቷል፤ በእንስሳት ጤና፣ በሥጋና ወተት ደኅንነት፣ በላብራቶሪ ምርመራ ከፍሎ። ረቂቅ የሚጽፍ ኮሚቴ ከዜሮ አይጀምርም ማለት ነው።

የሌሎችን መንገድ ጥቂት ላሳያችሁ። በእንግሊዝ የእንስሳት ነርሶች ሥልጠና በወግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። «ነርስ» የሚለው መጠሪያ ለሰው ነርሶች በሕግ የተያዘ ስለነበር እነዚህኞቹ «ረዳት» ተባሉ። ማኅበራቸውን በ1965 መሠረቱ። «የእንስሳት ነርስ» የሚለውን ስም ያገኙት በ1984 ነው። የተወሰነ ሕክምናና ቀላል ቀዶ ሕክምና በሐኪም ትእዛዝ እንዲሠሩ ሕጉ የፈቀደላቸው ደግሞ በ1991። ከማኅበሩ ምሥረታ እስከዚያ ፈቃድ ድረስ 26 ዓመት! በየዓመቱ ስብሰባ እየጠሩ፣ መጽሔት እያሳተሙ፣ ፈተና እያሻሻሉ የቆዩት ለዚያ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ማኅበር በ2 ዓመት ውስጥ ውጤት ካላሳየ «ምን ሠራ» ይባላል።

አሜሪካኖቹ ብሔራዊ ማኅበራቸውን እ.ኤ.አ. በ1981 አቋቋሙ። እነሱ የገጠማቸው ችግር ለእኛም ትምህርት ነው። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ ስለሆነ አንዱ ግዛት «የተመዘገበ»፣ ሌላው «ፈቃድ ያለው»፣ ሦስተኛው «የተመሰከረለት» ይለዋል። አንድ ፈተና ያለፈ ሰው ግዛት ሲሻገር ስሙም የተፈቀደለት ሥራም ይለወጣል። ማኅበሩ ይህን አንድ ለማድረግ ለረጅም ዓመታት ሲደክም ኖሯል፤ አልጨረሰም። እኛም የክልል መንግሥታት ያሉን ሕዝቦች ነን። አሥራ ምናምን ዓይነት የሥራ ዝርዝር ከመጻፉ በፊት አንድ ላይ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል።

ጎረቤታችን ኬንያ ግን ቀድማናለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ሕግ በርእሱ ላይ ሁለቱንም ወገን፣ ሐኪሞቹንና ሐኪም ያልሆኑትን ባለሙያዎች፣ ጎን ለጎን ጠርቷል፤ ሁለቱንም የሚመዘግበውም አንድ ቦርድ ነው። ደቡብ አፍሪካም ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ሕግ አላት።

አሁን የማይነገረውን ልናገር። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ማኅበር ይፈሩታል። «ዛሬ መርፌ፣ ነገ ቢላዋ» ይላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። በገጠር የግል ሕክምና ከፍቶ ለመኖር የሚሞክር ሐኪም በመንግሥት መድኃኒት በጎን የሚሠራ ቴክኒሻን ገበያውን ቢሻማው ቅር ይለዋል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን የሐኪሙ ትልቅ ተቀናቃኝ ቴክኒሻኑ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ሂዱና እዩ፤ ሸራ አንጥፎ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ፀሐይ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው አለ። ለገንዲም እሱኑ፣ ለትልም እሱኑ ይሸጣል። ገንዲ በደም ውስጥ በሚኖር ጥገኛ ተሕዋሲ የሚመጣ ስለሆነ ያ መድኃኒት አይፈውሰውም። ገበሬው በገመተው መጠን ይወጋል፤ ላሟን በነጋታው አልቦ ወተቱን ይሸጣል። መድኃኒቱ የገባበት ወተት ለስንት ቀን መደፋት እንዳለበት የነገረው የለም። ያ ወተት ከተማ ገብቶ እናንተ በምትጠጡት ቡና ውስጥ ይጨመራል፤ መድኃኒት የለመደው ተሕዋሲም አብሮ ይመጣል። ይህን ሸራ ሊያስነሳ የሚችለው በየቀበሌው የሚገኝ፣ የሚታመንና በስሙ የተመዘገበ ባለሙያ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት የሞላው የሐኪሞቹ ማኅበር በዚህ ላይ ከቴክኒሻኖቹ ጋር ቢሰለፍ የሚያተርፈው ራሱ ነው። ቴክኒሻኖቹም በበኩላቸው «ከሐኪም መሪነት አውጡን» የሚል ማኅበር መሥርተው ከሆነ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም።

ሕጉ ምን ይላል? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማኅበርን በስም ያውቀዋል፤ የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ማጎልበት፣ የአባላቱን አቅም መገንባት ዓላማው ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ማኅበር ለመመሥረት 5 ሰው ይበቃል፤ የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ከሆነ ምዝገባው በፌዴራል ነው፤ በአንድ ክልል ብቻ ከሆነ በክልሉ። ስለዚህ ወረቀቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከወረቀቱ በኋላ ያለው ነው።

ብዙ ማኅበር የሚሞተው አዲስ አበባ ላይ ስለሚወለድ ነው። አዳራሽ ይከራያል፣ ሊቀ መንበር ይመረጣል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ፎቶ ይነሣል። መርሳ ወይም ጎዴ ያለው አባል ግን ከመታወቂያው ሌላ ያገኘው ነገር የለም። እኔ የምመክረው ከወረዳ እንዲጀመር ነው፤ አሥር አሥራ አምስት ሰው፣ እንደ ዕድር። ዕድራችን ጽሕፈት ቤት የለውም፤ ደብተር፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና የሚሰበሰብበት ቀን ግን አለው፤ ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ያዋጣ በችግሩ ቀን አይከስስም፣ አይለምንም፣ ይሰጠዋል። ይህን ሥርዓት ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ወስዶ በሙያው ላይ ማዋል ነው። አንድ አባል ሲያክም በውሻ ቢነከስ፣ ኮርማ ቢወጋው፣ ከሞተር ቢወድቅ በማግሥቱ የሚደርስለት ገንዘብ ይኑር። ሌላ አባል የእሱን ቀበሌ ለሁለት ሳምንት ደርቦ ይያዝለት።

ሂሳቡን እንመልከተው። 1,000 አባል በወር 20 ብር ቢከፍል በዓመት 240,000 ብር ነው። ግማሹ በወረዳ ቅርንጫፍ ይቅር ብትሉ እንኳ በቀረው የማኅበሩን የሥልጠና ወጪ መጀመር ይቻላል። ከደመወዝ በፈቃድ የሚቆረጥ ቢሆን ሰብሳቢ አያስፈልግም፤ ለዚያ ግን ወረዳው መስማማት አለበት። ትልቁን ፈተና ደግሞ ከአሁኑ እወቁት፤ አንድ ፕሮጀክት ይመጣና መኪና፣ ላፕቶፕና የሦስት ዓመት በጀት ይሰጣል። አትቀበሉ አልልም። የአባል መዋጮ እንዳይቆም ብቻ ተጠንቀቁ። መዋጮ የማይከፍል አባል መሪውን አይጠይቅም፤ መሪውም የሚያዳምጠው በጀት የሰጠውን ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪናው ይቆማል፣ ማኅበሩም አብሮ ይቆማል።

ለአብነት የኢትዮጵያ ሚድዋይፎችን እጠቅሳለሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ማኅበር ሲመሠርቱ ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፤ እነሱም በሐኪሙና በእናቲቱ መካከል ብቻቸውን የሚቆሙ ናቸው። የሥራ ላይ ትምህርት መስጠት ያዙ፣ ስለ ሙያቸው የሚወስነው መሥሪያ ቤት ሲሰበሰብም ወንበር አገኙ። ከእንስሳት ጤናው ሰው ጋር የሚያመሳስላቸው ነገር ብዙ ስለሆነ ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሥልጠናውን በተመለከተ ከትልቅ አውደ ጥናት ይልቅ ትንንሹ ይሻላል እላለሁ። ኮሌጅ ከወጣ 12 ዓመት የሆነው ሰው ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ የነገረው የለም። በወር አንድ ጊዜ በወረዳው ቅርንጫፍ አንድ ነገር ብቻ ይታይ። ለምሳሌ ክትባት፤ የ100 ከብት ብልቃጥ ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የመጡት ግን 37 ከብቶች ናቸው። የቀረው ይደፋል ወይስ ለነገ በበረዶ ይቀመጣል? ትክክለኛው መልስ መድፋት ነው። ወረዳው ግን «63ቱ የት ገባ» ይላል። ባለሙያው ከመጠየቅ ብሎ ያቆየዋል፤ በማግሥቱ ውሃ ይወጋል። በወሩ መንጋው ሲታመም «ክትባቱ አይሠራም» የሚል ወሬ በቀበሌው ይዞራል፤ በሚቀጥለው ዘመቻ ገበሬው ከብቱን ጫካ ይደብቃል። ይህን አንድ ባለሙያ ብቻውን ለወረዳው ቢናገር ሰበብ ፈላጊ ይባላል። 15 ሰው ተሰብስቦ፣ የብክነት መመዝገቢያ ቅጽ አዘጋጅቶ፣ ፈርሞ ቢያቀርብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማኅበሩ የራሱንም ሰው መቅጣት አለበት። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የሸጠ፣ ሳያይ የጤና ማስረጃ የጻፈ፣ ያልከተበውን ከተብኩ ብሎ ሪፖርት ያደረገ አባል በማኅበሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ይቁም። ይህን የማያደርግ ማኅበር መንደርተኛ ይሆናል፤ የግብርና መሥሪያ ቤቱም እንደ ሙያ ማኅበር አያየውም።

ሴቶቹን በተለይ አነሣለሁ። ኮሌጆቹ ሴቶችን ያስመርቃሉ፤ ቀበሌ ላይ ስትፈልጓቸው ቁጥራቸው ይቀንሳል። ሌሊት የሚጠራት ገበሬ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ መንገዱ ጫካ ነው፤ የእንስሳት ጤና ኬላው መኝታም መጸዳጃም የለው ይሆናል። ከመሥራች ኮሚቴው ውስጥ እነሱ ካልተቀመጡ ይህ ጉዳይ «ልዩ ልዩ» በሚለው የመጨረሻ አጀንዳ ሥር ይገባና ሰዓት አልቋል ተብሎ ይታለፋል። ደግሞ ዶሮ፣ ፍየልና ወተት በብዙ ቤት የሴቶች ገንዘብ ነው። ባልየው በሌለበት ወንድ ባለሙያ ግቢ ላይገባ ይችላል፤ እሷ ግን ትገባለች።

አባል ማን ይሁን የሚለው ገና አከራካሪ ነው። አዳቃዩ ይግባ? የቄራ ሥጋ መርማሪውስ? የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ? ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ የመድኃኒት መደብር የከፈተው? እኔ ሁሉም ይግቡ ባይ ነኝ፤ መደብር ያለው ሰው ግን በመድኃኒት ጉዳይ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ። በዚህ የማይስማሙ ወዳጆች አሉኝ፤ ከእነሱ አንዱ ዛሬ እዚህ አለና ጥያቄ ሰዓት ላይ ይከራከረኝ። ከክርክሩ በፊት ግን ማንኛውም ወረዳ ነገ ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ፤ መዝገብ። ስም፣ የተማረበት ኮሌጅና ዓመት፣ የሚሠራባቸው ቀበሌዎች፣ ስልክ፣ የመጨረሻ ሥልጠና የወሰደበት ቀን፣ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዶ እንደሆነ። ይህን መዝገብ የያዘ ኮሚቴ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ለ14 ሰው ክትባት ስጡን» ማለት ይችላል። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።